የሚዜዬ የዓርብ ቀልድ

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አብሮ አደጌ አስማማው ተቀምጧል። ከአስማማው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከተቀመጥን ስንት ዘመናችን! ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጣ ብሏል፤ ጨዋታው ግን ያው ነው፣ ገና ማይክራፎኑን ሳይነካው ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። የጠራችን መምህርት በስልክ ስትለምነኝ፣ «ጋሼ ዳኛቸው፣ አንዳችሁ ብትቀሩ ትርጉም የለውም። በኢንተርኔት ካርቱን በከተማችን ቀድማችሁ ያወጣችሁ እናንተ ናችሁ» አለችኝ። እምቢ ልላት ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ሰምታ፣ «ምነው? ሰው ሲያከብርህ ምን ያሸሽሃል? ሂድ እንጂ!» ስትለኝ ምክንያት አጣሁ።

የድሮ ሥዕሎቻችንን በትልቅ ስክሪን አሳዩ። ተማሪው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «የዓለምን ንግግር ማን ነበር የሚጽፈው? ወንድ የጻፈው አይመስልም» ብላ ጠየቀች። ዓለም የታሪካችን ሴት ገጸ ባሕርይ ነበረች። አስማማው ማይክራፎኑን አነሳ፣ ፈገግ አለ፣ «ምናብ ነው፣ እህቴ፣ ምናብ!» አላት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እኔ ውሃዬን ጠጣሁ። ምናብ! ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል? የዓለም ንግግር የእጮኛዬ ንግግር ነበር። ከአፏ እየተቀዳ፣ በእኔ እጅ እየተሳለ፣ ዓርብ ዓርብ ለሕዝብ ይወጣ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ልታገባኝ የነበረችው ሴት እየራቀችኝ ስትሄድ፣ አካሄዷን በገዛ እጄ እየሳልኩ፣ እየሳቅሁ ከረምኩ። መድረኩ ላይ አልተናገርኩትም፤ እዚህ ልናገረው።

ያኔ ሁለታችንም ሠላሳ አልሞላንም። እኔ የቤት ፕላን የሚነድፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ አስማማው ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እሱን ሲሰይም ግን መልአኩ ሳያንቀላፋ አልቀረም። ቁስቋም ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ያደግን ነን። እናቴ ስትጠራኝ እሱ ወይ ይላል፤ እናቱ ስትቆጣው እኔ እደበቃለሁ። ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ስላለ መፈለጌንም አላስታውስም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ክረምት ነው። ፒያሳ ጭማቂ ቤት ገብተን ዝናብ አገተን። ኢንተርኔት ያኔ ጎንደር ላይ ገና ብርቅ ነው፤ «መጣ!» ሲባል ሰው ሁሉ ከየበረንዳው ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ እግዜር የሚያቀብለው ይመስል። ከፊታችን ሁለት ፍቅረኞች ተቀምጠዋል። ልጁ ስልኩን ያያል፣ ልጅቱ እሱን ታያለች፣ የአቮካዶ ጭማቂዋ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። እኔ ሶፍት ላይ ሳልኳቸው። አስማማው አየና ስክሪፕቶዬን ነጥቆ ከልጁ አፍ ፊት «ቆይ» ብሎ ጻፈበት። ካርቱናችን እንዲያ ሆኖ ተወለደ። ወንዱን «አቶ ቆይ» አልነው፣ ሴቲቱን ዓለም። የኢንተርኔት ገጻችንን ስም «ከጎጆ በፊት» አልነው፤ የታጩ፣ ግን ገና ጎጆ ያልወጡ ሰዎች ጭቅጭቅ ነው። ዓለም ትናገራለች፣ እሱ «ቆይ» ይላል። ቀልዱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

አሠራራችን ደግሞ ለራሱ ጨዋታ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ እዚያው ጭማቂ ቤት እንገናኛለን። አስማማው ተነስቶ ይተውነዋል። አቶ ቆይን ሲሆን ትከሻውን ይሰብቃል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጭማቂ ጠጪው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ በእርሳስ እከተለዋለሁ። ሐሙስ በቀለም አወጣዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ይደረግና ዓርብ ከምሳ በኋላ ይለቀቃል። ከተማው በሙሉ አየው ብል ማጋነን ነው፤ ግን አንድ ቀን የማራኪ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ «ወራጅ!» ሲል ረዳቱ አፉን ከፍቶ «ቆይ!» አለና መኪናውን በሳቅ ሞላው። እኔ ጥግ ተቀምጬ ደረቴ ተነፋ። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ ሰው ሳያውቅህ ሲያወራልህ እንደሚጥም ምንም የሚጥም የለም።

እጮኛዬን፣ እመቤትን፣ ያገኘኋት ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮላ ድባ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ግንባታ ልኮኝ፣ ሆዴን ቢያመኝ ጤና ጣቢያ ገባሁ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ጠይም፣ ረጋ ያለች ልጅ መድኃኒቴን ሰጠችኝና፣ «ከምግብ በኋላ ነው» አለችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ «ግን ምግብ በልተሃል?» አለች። አልበላሁም ነበር። ከዚያ ወዲያ የቅዳሜዬ መንገድ ታወቀ። ሚኒባሱ አዘዞን አልፎ ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወርድ የሚነፍሰውን ለብ ያለ አየር እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ጥቅምት ላይ ሜዳው ኑግ አብቦ ቢጫ ነው። ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ጫማ ያስወልቃል፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እሷ ከሩቅ አይታ ስትስቅ እደርሳለሁ።

እመቤት ብዙ አታወራም። የምትለውን አንድ ጊዜ ትላለች፣ ካልተሰማች አትደግመውም። ይኸን ጠባይዋን ያኔ እንደ ጭምትነት ወስጄ ወደድኩት። አሁን ሳስበው ጭምትነት አልነበረም፤ ክብር ነበር።

በጥቅምት ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን የመሩት አያ ፈንታ የሚባሉ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ለቤታችን እንደ ምሰሶ ነበሩ። አባቷ ሁለቴ መልሰው በሦስተኛው እሺ አሉ፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እመቤት ከታላቅ እህቷ ጋር እናቴ ቤት ስትመጣ፣ እናቴ አስማማውን እጁን ይዛ ከፊቷ አቆመችው።

«ልጄ፣ ዋናው ሚዜ ይኸ ነው» አለቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነው። ዳኜ ቢያስቀይምሽ ለኔ እንዳትነግሪኝ፤ እኔ እናቱ ነኝ፣ አደላለሁ። ለሱ ንገሪው። እሱ ይናገርልሻል።»

አስማማው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ቢያደርጋት እኔ ነኝ የምገርፈው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እመቤትም ሳቀች።

በእኛ ዘንድ ሚዜ ለፎቶ የሚቆም ባለከረባት አይደለም። ዋናው ሚዜ ለሙሽራይቱ ወንድም ይሆናታል። ባሏ ቢበድላት፣ አማቷ ብታስቸግራት፣ መጀመሪያ የምትነግረው ለእሱ ነው። እሱም ነገሩን ወደ ባልየው ወስዶ፣ እንደ ወንድም ተቆጥቶ፣ መልሱን ይዞላት ይመለሳል። ሽማግሌ የሚጠራው ሚዜ ሲያቅተው ነው። የከተማ ልጆች ይኸን ዛሬ ዛሬ ትተውታል፤ የእናቴ ቤት ግን አልተወውም፣ የእመቤትም ቤት አልተወውም። ስለዚህ ልጅቱ የተባለችውን አመነች። ምን ታድርግ? ሁላችንም ፊት ነው የተነገራት።

በዚያው ሰሞን የምንኖርበትን ቤት ነደፍኩ። ከእናቴ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል፣ ሸጋ መስኮት፣ ትንሽ በረንዳ። የሰው ቤት ስነድፍ ኖሬ የራሴን ስነድፍ እንዴት ያለ ደስታ ነው! ኮላ ድባ ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። በጣቷ እየተከተለች አየችው።

«በሩስ?» አለችኝ።

«የምን በር?»

«የኔ መግቢያ።»

«በእማዬ ሳሎን በኩል ነዋ። ምን ችግር አለው?»

«ለብቻው ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች።

«እናያለን» አልኳት። ፕላኑን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። በሩን ለእኔ ከዚያ ወዲያ አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ተረሳ ብዬ ደስ አለኝ፤ ለእናቴ በር ይለይልን ብሎ መናገሩ እንደ ተራራ ከብዶኝ ነበር።

የሚቀጥለው ማክሰኞ አስማማው ጭማቂ ቤት ገና ከመግባቱ፣ «ዛሬ ጉድ ይዤ መጥቻለሁ!» አለ። ተነሳ፣ ዓለምን ሆነ፤ «እናትህን እወዳቸዋለሁ። ግን ቤቴ ለመግባት የእሳቸውን በር ማንኳኳት አልፈልግም።» ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ አቶ ቆይን ሆነ፤ «ቆይ፣ ይኸን በር እንድትጠይቂኝ መጀመሪያ እማዬን ላስፈቅድ!»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልቤን ትንሽ ነካ አላደረገኝም አልልም። ግን የማን ቤት ነው ይኸ ጭቅጭቅ የሌለበት? ደግሞ አስማማው የእናቴን ሳሎን ያውቀዋል፣ ፕላኔንም አይቶታል፤ ከዚያ ያመጣው መሰለኝ። አቶ ቆይን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ሳልኩት። እናትየዋን ነጠላዋን ተከናንባ በቁልፍ ቀዳዳ ስታይ ሳልኳት። እጄ እንዲያ ቀንቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ስልኬን ይዤ ወደ እመቤት ሄድኩ። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት አጥር ሥር ተቀምጠን አሳየኋት። ስታየው ፊቷ እንዴት እንደበራ ልንገራችሁ? ቀስ ብላ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው።

«ሳልከው?» አለችኝ።

«አዎና! እኔ እንጂ ማን ይስለዋል?»

«እና ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ፣ ሰው አብዷል! ኮሜንቱን እይ እንጂ!» አልኩና አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «እንዲህ ያለችዋን ገና ሳትገባ ሸኛት፣ ወንድሜ!» ይላል። እየሳቅሁ ቀና ስል እሷ አልሳቀችም።

«ሌላውን ተወው። አንተስ? ማናቸው ናቸው ልክ?»

«እሱ ነዋ!» አልኳት። «ሴትዮዋ አበዛችው እኮ። በር፣ በር፣ በር! በር ነው የምታገባው?»

ስልኬን መለሰችልኝ። የባቄላ እሸት ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ እየፈለፈለች እጄ ላይ ታስቀምጥልኝ ጀመር፣ እኔ እየበላሁ ኮሜንት ማንበቤን ቀጠልኩ። ያን ቀን ያቺ ልጅ መልሷን ከአፌ ተቀበለች። እኔ ግን ስለ ካርቱን እያወራሁ ነበር። ስለ ካርቱን!

ከዚያ በኋላ የዓለም ንግግር እየበረታ መጣ። አስማማው እሷን ሲሆን መተወኑን እየተወ ሄደ፤ እንደ አቶ ቆይ ትከሻ የለ፣ አፍ መክፈት የለ፤ ቁጭ ብሎ፣ ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሮ፣ የሰማውን ነገር እንደሚደግም ሰው ይናገረዋል። እኔ «ይኸ ልጅ ተመነደገ» እያልኩ አደንቀዋለሁ። አንድ ቅዳሜ እመቤት የጎርጎራ ዓሣ ጠብሳ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ጎንደር ድረስ ይዛልኝ መጣች። ጠረጴዛዬ ጥግ አስቀምጬ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ፣ ይቺን ልጨርስ ስል ድመቷ በላችው። እመቤት ጋዜጣውን ሰብስባ ጣለች። ማክሰኞ አስማማው መጣና የዓለምን ዓሣ አቶ ቆይ ሳይቀምሰው ድመት እንድትበላው አደረገ።

«አንተ፣ ይኸን ማን ነገረህ?» አልኩት።

ሳቀ። «የማን ቤት ነው ዓሣና ድመት የሌለበት?» አለኝ።

ሳቅሁና ድመቷን ሳልኳት። ጺሟ ላይ የዓሣ እሾህ ሰክቼ! ሰው አበደላት። ያን ሥዕል ባለፈው ሳምንትም አዳራሹ ውስጥ አሳይተውት ከሁሉም በላይ የተሳቀው በእሱ ነው።

በመጨረሻ፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ዓለም እንዲህ አለች፤ «ለሰው ሁሉ ስታወራ እሰማሃለሁ። እኔ ጋ ስትደርስ ዝም ነው። እኔ ምንህ ነኝ?» አቶ ቆይም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ቆይ፣ ላይኩን ልቁጠርና እነግርሻለሁ!» አላት። ዓርብ ተለቀቀ። ቅዳሜ እመቤት ተራ ገብቻለሁ፣ አትምጣ አለችኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። እኔ የሠርግ ጣጣ ላይ ነኝ፣ እናቴ በርበሬ ታስቀነጥሳለች፣ ጌሾ ታስወቅጣለች፤ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ገና በዋለ በሳምንቱ ገደማ አያ ፈንታ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ሳያስቀምጡ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ስታቀርብ እምቢ አሉ። 

«የልጅቱ አባት ልከውብኝ ነው» አሉ። «ልጅቱ ይቅርብኝ ብላለች።»

«ምነው? ምን አደረግናት?» አለች እናቴ። ጠላውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«እኔም ምነው ብዬ ጠየቅሁ፣ እህቴ። ‹ሚዜው ነግሮታል፣ እሱም በአደባባይ መልሶልኛል› አለች አሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አልገባኝም። አንተ ይገባሃል?»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ አልገባኝም። የገባኝ በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ፣ አዘዞን እንዳለፍን ነው። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ድመቷ ትዝ አለችኝ። ዓሣውን ያየን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እመቤትና ድመቷ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ያን ጊዜ አብሮኝ የተሳፈረ ሰው «አሞሃል እንዴ?» ብሎ መስኮት ከፈተልኝ።

እመቤት በጋዋኗ ወጣች። አጥሩ ሥር ቆምን፤ አልተቀመጠችም።

«ለአስማማው ነግረሽው ነበር?» አልኳት።

«ለማን ልናገር? ለሱ ንገሪ አላላችሁኝም? ሰኞ ሰኞ እየደወልኩ ነገርኩት።»

«እሱ እኮ ምንም አልነገረኝም!»

«አልነገረህም?» አየችኝ። «ሰኞ የነገርኩትን ዓርብ ስትስለው አልነበር? መጀመሪያ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰምቶኛል፣ ፊት ለፊት መናገር አፍሮ በሥዕል ነው የጀመረው አልኩ። ከዚያ መጥተህ፣ ‹ሴትዮዋ አበዛችው› አልከኝ። በአፍህ።»

«ስለ ካርቱኑ እኮ ነው ያልኩሽ! አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም። በእናቴ ሞት፣ አላወቅሁም!»

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየች። ያመነችኝ መሰለኝ፣ ልቤ ተነሳ። «አምንሃለሁ» አለችኝም። «ግን ይኸኛው ይብሳል፣ ዳኜ። አውቀህ የሳቅህብኝ ቢሆን ክፉ ነህ እላለሁ። አንተ ግን ቃሌን በእጅህ ጽፈህ፣ ፊቴን በእጅህ ስለህ፣ እኔን አላየኸኝም። እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

 መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ገባች።

ያን ቀን ከሰዓት አስማማውን ጭማቂ ቤት አገኘሁት። የለመደበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፓፓያ ይጠጣል።

«አንተ ሚዜ ነህ ወይስ ሌባ?» አልኩት።

ክዶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልካደም። «ነገርኩህ እኮ!» አለኝ። «በየሳምንቱ ነገርኩህ! በቀልድ ካልሆነ አንተ ምን ይገባሃል? ፊት ለፊት ብነግርህ ትቀየመኛለህ፣ እናትህም ‹ልጄን ሊያጣላብኝ ነው› ይላሉ። ሥዕሉን ሲያይ ይነቃል ብዬ ነው።»

«ሳልነቃስ? ሳልነቃ ስትቀር ምነው አልቀሰቀስከኝ?»

ብርጭቆውን አዟዟረ። «እውነቱን ልንገርህ? እሷ እንደምትናገረው መጻፍ አልችልም። አይተኸዋል፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ዓለም እንጨት ነበረች። ሰኞ በደረሰ እያልኩ እጠብቃት ጀመር።» ይኸን አለኝ። ወንድም ይሆንሻል የተባለችው ልጅ እያለቀሰች ስትደውልለት፣ እሱ ስልኩን የሚያነሳው ለዓርብ ነበር።

ይኸም አልበቃው። እኔ ተነስቼ ልወጣ ስል፣ «እሺ፣ ዓርብ ምን እናውጣ? ሰው ይጠይቃል እኮ» አለኝ። እጄን ልኬ ፓፓያውን ጭኑ ላይ ደፋሁበት። ያ ነው የበቀሌ ሁሉ መጨረሻ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፣ አንዳንዱም ሳቀ፤ ቀልድ የምንሠራ መሰለው።

ለእናቴ የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። በር ይለይልን ማለት ያን ያህል የከበደኝን ነገር፣ እናቴ ሰምታ፣ «ይቺ ናት? በር? አሥር በር ይከፈትላት!» ብላ አለቀሰች። ቁጭ ብዬ ፕላኑን አወጣሁ። በጀርባ በኩል፣ ወደ መንገዱ፣ በር አደረግሁበት። በር መሳል ሥራዬ ነው፤ አንድ ሩብ ክብ መስመርና አንድ ቀጥታ መስመር ነው፣ ያንኑ ያህል ነው የሚፈጀው። ለስንቱ የማላውቀው ሰው ስስል የኖርኩትን! ይዤላት ሄድኩ። ከፈት አድርጋ አየችው፣ በጣቷ ተከተለችው።

«ሸጋ በር ነው» አለችኝ። ፕላኑን ጠቅልላ መለሰችልኝ። «አሁን የኔ አይደለም።» አያ ፈንታም ከዚያ በኋላ ሁለቴ ተመላልሰው ደከሙ። እመቤት የምትለውን አንድ ጊዜ ነው የምትለው።

ገጹ እዚያው ላይ ቆመ። ለወራት ሰው እየገባ ይጠይቅ ነበር፤ «አቶ ቆይና ዓለም ተጋቡ ወይ? ምነው ጠፋችሁ?» የሚመልስላቸው አልነበረም።

ጥፋቱ የአንተም ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ የእኔም ነው፤ ስሰማ ብኖር ሚዜ ምን ያስፈልገኝ ነበር? ብዙ ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። ግን በስተርጅናም ቢሆን አንድ ነገር አልበርድ ብሎኛል። እኔ የማልሰማ ሰው መሆኔን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚሁ ሲባል ነው ሚዜ የተደረገው። እኔ ባልሰማ የሚጮኽብኝ እሱ ነበር። አልጮኸም። ደግሞም ይቅር በለኝ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደነገረኝ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጥረው።

አዳራሹ ሲበተን በሩ ላይ ጠበቀኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ «አየህ ልጆቹ እንዴት እንደወደዱት? ለምን ደግመን አንጀምረውም? አሁን ደግሞ የሽማግሌ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ። አንተም ሚስት አለህ፣ እኔም አለኝ፤ ወሬው ሞልቷል!» አለኝ። እጁን ከትከሻዬ አነሳሁለት። «ልጆቹ አብረውህ ፎቶ ሊነሱ ይፈልጋሉ፣ ሂድ» አልኩት። እሱም ሄደ። እመቤት ባሕር ዳር ናት ይሉኛል፤ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ወልዳ ከብዳ። ደግ አደረገች።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የውሃ ቧንቧው እንደገና መፍሰሱን፣ ሠራተኛው እንደዋሻት፣ ጎረቤታችን ምን እንዳለቻት ልትነግረኝ ጀመረች። ኮቴን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። ስልኬን አጥፍቼ አስቀመጥኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ ስትጨርስም የሰማሁት ልክ መሆኑን መልሼ ጠየቅኋት። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ፈርቼ ነው፤ አንዷ ቃል እንኳ ካመለጠችኝ ቤቴ የሚፈርስ ይመስለኛል። እሷ ግን ፍቅር ይመስላታል፤ ለጎረቤቶቿ «እንደሱ ሴት የሚያዳምጥ ባል ጎንደር ላይ የለም» ትላለች፣ እኔም ዝም እላለሁ። ምስኪን፣ የሌላ ሰው ድርሻ እየበላች መሆኗን አታውቅም።